በሌሎች ላይብረሪዎች ላይ የቆመ ኮምፖነንት እንዴት ይፈተሻል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፖነንት ማለት ገጽ የሚገነባበት ራሱን የቻለ ቁራጭ ነው፤ ላይብረሪ ደግሞ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ሪአክትን (ገጽን ከኮምፖነንቶች የሚገነባ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ)፣ ማቲሪያል ዩአይን (የተዘጋጁ ቁልፎች፣ ሳጥኖችና የመሳሰሉት ስብስብ) እና ቴስቲንግ ላይብረሪን (ኮምፖነንቶችን የመፈተሻ መሣሪያ) የሚጠቀም፣ ቴስቶቹን በጄስት ወይም በቪቴስት የሚያስኬድ ፕሮጀክት ታስቦ የተጻፉ ናቸው። የሪአክት አቻ የሆኑትን አንግላርና ቪዩን የሚጠቀሙ አንባቢዎች ወደ መጨረሻው አካባቢ የራሳቸውን መልስ ያገኛሉ። ምሳሌያችን አንድ የተማሪዎች መመዝገቢያ ቅጽ ነው፤ የስም ሳጥን፣ የትውልድ ቀን መምረጫ፣ የክልልና የከተማ ድሮፕዳውኖች፣ እንዲሁም «መዝግብ» የሚል ቁልፍ አለው። ሳጥኑ፣ ቀን መምረጫው፣ ድሮፕዳውኖቹና ቁልፉ ከላይብረሪው የመጡ ናቸው። ቅጹ የእኛ ነው።

ላይብረሪው በባለቤቶቹ ተፈትሾ የወጣ ነው። እኛ የምንፈትሸው ምን ቀረ?

ድሮፕዳውን ሲነካ መከፈቱን፣ ሳጥን ሲጻፍበት ጽሑፉን መያዙን የላይብረሪው ባለቤቶች በራሳቸው ቴስቶች ያረጋግጣሉ፤ ያንን መድገም ጊዜ ማባከን ነው። ከተማ ሳይመረጥ «መዝግብ» ቢባል የስህተት መልእክት መውጣቱን፣ ክልል ሲቀየር የከተሞቹ ዝርዝር አብሮ መቀየሩን፣ ምዝገባው ወደ ሰርቨር እየሄደ ሳለ ቁልፉ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይጫን መዘጋቱን ግን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ቤት የሚሠራ ሰው የሲሚንቶ ፋብሪካውን አይመረምርም፤ በራሱ ልክ ያቦካው ኮንክሪት መጽናቱን ግን ናሙና ወስዶ ያስፈትሻል።

በቡድን ውስጥ «ይህ ቴስት ያስፈልጋል፣ አያስፈልግም» የሚል ክርክር ሲነሳ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይቆርጠዋል፦ ቴስቱ ቢወድቅ ማስተካከያው የሚገባው በማን ኮድ ውስጥ ነው? መልሱ «በላይብረሪው» ከሆነ ቴስቱን ሰርዙት።

ታዲያ ላይብረሪውን በሞክ (በአስመሳይ ምትክ) ተክተን የራሳችንን ኮድ ብቻ ብንፈትሽ አይቀልም?

ይቀላል፤ ችግሩም እሱው ነው። ሞክ የሚያሳየው ላይብረሪው የሚያደርገውን ሳይሆን እኛ ያደርጋል ብለን የምናምነውን ነው። የማቲሪያል ዩአይን ሁለት ኮምፖነንቶች እንውሰድ። ተራው ሴሌክት ምርጫ ሲቀየር የሚልክልን የክስተት ዕቃ፣ ማለትም ስለ ድርጊቱ መረጃ የያዘ ጥቅል ነው፤ የተመረጠውን ዋጋ የምናገኘው በውስጡ ታርጌት ከተባለው ክፍል ነው። አውቶኮምፕሊት የተባለው ደግሞ ክስተቱን በመጀመሪያው፣ የተመረጠውን ዋጋ በሁለተኛው ቦታ ይልካል። አንድ ባለሙያ ሴሌክቱን በአውቶኮምፕሊት ቢተካና የክስተት ተቀባዩን ኮድ ሳይነካ ቢቀር ቅጹ ከተማውን መያዝ ያቆማል። ላይብረሪው በሞክ ከተተካ ግን ቴስቱ አረንጓዴ (ያለፈ) እንደሆነ ይቀጥላል፤ ሞኩ አሁንም በድሮው መልክ ዋጋ ይልካልና። ብልሽቱን የሚያገኘው ለመመዝገብ የመጣው ተማሪ ይሆናል።

ስለዚህ መነሻው እውነተኛውን ላይብረሪ በቴስት ውስጥ ማስኬድ ነው። «ዩኒት ቴስት አንድን ነገር ብቻ ነጥሎ መፈተሽ አለበት» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ያለ አግባብ ይጠቀሳል። የቅጹ አንድ አካል እንጂ ጎረቤቱ ያልሆነውን ቁልፍ ከቅጹ መነጠል ትርጉም የለውም። ሞክ የሚገባው ከሂደቱ ውጭ ላለው ነገር ነው፤ በተለይም ለሰርቨር። ለዚያ ሞክ ሰርቪስ ወርከር የተባለው መሣሪያ ጥያቄውን በኔትወርኩ ደጃፍ ላይ ስለሚይዘው የእኛም ሆነ የላይብረሪው ኮድ ሳይነካ ይቀራል።

ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ካንቫስ ላይ የሚሳል ግራፍ፣ የካርታ ላይብረሪ፣ ከባድ የጽሑፍ ማረሚያ በአስመሳይ ብራውዘር ውስጥ በወጉ አይሠሩም። እነዚህን መጀመሪያ በራሳችሁ ስስ ኮምፖነንት ጠቅልሏቸው፤ ከዚያ የምትተኩት የራሳችሁን መጠቅለያ ይሁን። «የራስህ ያልሆነውን ሞክ አታድርግ» የሚለው የባለሙያዎች ምክር በተግባር ሲተረጎም ይኸው ነው። መጠቅለያው የሚቀበለው ዳታ ትክክል መሆኑን በዩኒት ቴስት፣ ግራፉ በትክክል መሳሉን ደግሞ በእውነተኛ ብራውዘር ታዩታላችሁ።

አንድን ቁልፍ ወይም ሳጥን በቴስት ውስጥ በምን እንፈልገው? በክላስ ስሙ?

በክላስ ስም አይሁን። ማቲሪያል ዩአይ ኢሞሽን በተባለው የስታይል ሞተር የሚያመነጫቸው የክላስ ስሞች ከስታይሉ ይዘት የሚሰሉ ናቸው፤ የገጹ ቀለም በተቀየረ ቁጥር ስማቸው ይቀየራል። ተጠቃሚው የሚያውቀውን ተጠቀሙ፦ ሚናውን (ቁልፍ፣ ሳጥን ወይም ሌላ መሆኑን) እና ስሙን። «መዝግብ የሚል ስም ያለው ቁልፍ»፣ «ከተማ የሚል ስም ያለው ኮምቦቦክስ» (የድሮፕዳውን ሚና መጠሪያ)። ቴስቲንግ ላይብረሪ ውስጥ ጌት ባይ ሮል የሚባለው ፍለጋ የተሠራው ለዚህ ነው። በቴስት መለያ (ለቴስት ብቻ ተብሎ በኮዱ ላይ በተጨመረ ምልክት) መፈለግ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያለ እሱ የማይገኝ ነገር ካለ ዓይነ ስውር ተጠቃሚም ላያገኘው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያማርሩበት ነገር በጎ ጎን አለው። በማቲሪያል ዩአይ የከተማ ድሮፕዳውኑን ሠርታችሁ ከላዩ «ከተማ» የሚል ጽሑፍ ታስቀምጣላችሁ፤ በዓይን ሲታይ ሁሉም ደህና ነው። ቴስቱ ግን «ከተማ የሚባል ኮምቦቦክስ የለም» ይላል። ምክንያቱ የጽሑፉ መለያና ድሮፕዳውኑ የሚጠቅሰው የጽሑፍ መለያ አለመገናኘታቸው ነው። ቴስቱን ለማለፍ ወደ ቴስት መለያ የሚሸሽ ሰው ስክሪን ሪደር (ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀመውን ተማሪ ትቶት ሄደ ማለት ነው። ሁለቱን መለያዎች ስታገናኙ ቴስቱም ያልፋል፣ ቅጹም ይቃናል።

አንት ዲዛይን የተባለውን ሌላ የኮምፖነንት ላይብረሪ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ እንግዳ ባሕርይ ልታውቁ ይገባል፤ ላይብረሪው ባለ ሁለት ፊደል የቻይንኛ የቁልፍ ጽሑፍ ሲያገኝ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ይጨምራል፣ በስም የሚፈልገውም ቴስት ይወድቃል። «ላክ» የሚል ባለ ሁለት ፊደል የአማርኛ ቁልፍ ይህ አይነካውም። ባለ ብዙ ቋንቋ ምርት የምትሠሩ ግን ይህንን ባሕርይ የሚያጠፋ ቅንብር እንዳለ አስታውሱ።

ድሮፕዳውኑን በቴስት ውስጥ ክሊክ አደረግነው፤ አልተከፈተም።

የቴስቲንግ ላይብረሪን ፋየር ኢቨንት ተጠቅማችሁ ይሆናል። እሱ የሚልከው የጠራችሁትን አንድ ክስተት ብቻ ነው። የማቲሪያል ዩአይ ሴሌክት ደግሞ የሚከፈተው የማውሱ አዝራር ወደ ታች በተጫነበት ቅጽበት እንጂ ክሊኩ ሲጠናቀቅ አይደለም። ዩዘር ኢቨንት የተባለው መሣሪያ ሰው የሚያደርገውን ሙሉ ቅደም ተከተል ስለሚልክ ችግሩ አይነሳም። በ14ኛው እትሙ ሁሉም ትእዛዞች የሚጠበቁ ናቸው፤ «አዌይት» (ጠብቅ) ማለትን አትርሱ።

ተከፈተ። ምርጫዎቹ ግን ኮምፖነንቱ ውስጥ አይገኙም።

እዚያ ውስጥ ስላልሆኑ ነው። ድሮፕዳውን፣ ዳያሎግና የመሳሰሉት ከሌላው ገጽ በላይ እንዲታዩ በፖርታል (ይዘትን ከኮምፖነንቱ ውጭ በሚያስቀምጥ መንገድ) አማካይነት በቀጥታ የሰነዱ ቦዲ (የገጹ ዋና አካል) ሥር ይቀመጣሉ። ኮምፖነንቱን ብቻ ሳይሆን መላውን ስክሪን ፈልጉ፤ ሊስትቦክስ (የምርጫ ዝርዝር) የሚል ሚና ያለውን አግኝታችሁ «ሐዋሳ» የሚለውን ምርጫ በእሱ ውስጥ ፈልጉ።

ይህንን ሲያስተካክሉ ወዲያው የሚከተል ሌላ ግራ መጋባት አለ። ዝርዝሩ ክፍት ሳለ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ በድንገት አይገኝም። ላይብረሪው ዝርዝሩን ሲከፍት የቀረውን ገጽ ከስክሪን ሪደር ይደብቀዋል፤ በሚና የሚፈልገው ትእዛዝ ደግሞ የተደበቀን አይቆጥርም። ቁልፉ አልጠፋም። ምርጫው ተመርጦ ዝርዝሩ እስኪዘጋ ጠብቁ፣ ተመልሶ ይመጣል። የተደበቁትንም እንዲያካትት የሚያደርገውን አማራጭ መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን እውነተኛ ተጠቃሚ የማይችለውን ነገር በቴስት ውስጥ መፍቀድ ነው።

«ማች ሚዲያ አልተገኘም»፣ «ሪሳይዝ ኦብዘርቨር አልተገለጸም» የሚሉ ስህተቶች ከየት ይመጣሉ?

ከጄኤስዶም። ጄስትም ሆነ ቪቴስት በተለምዶ የሚያስኬዱት እውነተኛ ብራውዘር ሳይሆን በጃቫስክሪፕት የተጻፈ አስመሳይ ነው። ጄኤስዶም ሰነዱን፣ ክስተቶቹንና ቅጾቹን በሚገባ ያስመስላል፤ ገጹን ግን በቦታ አያስቀምጠውም። በእሱ ዓለም የእያንዳንዱ ነገር ስፋት ዜሮ ነው፣ ቁመቱም ዜሮ ነው፤ የማንኛውም ነገር አቀማመጥ ቢጠየቅ መልሱ ዜሮ ነው። መጠንን የሚከታተለው ሪሳይዝ ኦብዘርቨርና ስለ ስክሪኑና ስለ መሣሪያው የሚጠየቀው ማች ሚዲያ የተባሉት የብራውዘር አገልግሎቶችም አብረው የሉም።

የተለመደው መፍትሔ በቴስቶቹ ማዘጋጃ ፋይል ውስጥ ምትክ ማኖር ነው። ስህተቱ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ከስህተቱ ይብሳል። ሪቻርትስ በተባለው የግራፍ ላይብረሪ ውስጥ ግራፉን ከመያዣው ስፋት ጋር የሚያስማማው ኮምፖነንት ስፋቱ ዜሮ መሆኑን ሲያይ ምንም አይስልም፤ «ግራፉ ውስጥ ስህተት የለም» የሚል ቴስት ባዶ ገጽ እያየ ያልፋል። የማቲሪያል ዩአይ ዳታ ግሪድ (ሠንጠረዥ) በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ዓምዶችና ረድፎች ብቻ ስለሚሠራ፣ ስፋት በሌለበት ዓለም ዓምዶቹ ይጎድላሉ፤ በቴስት ጊዜ ይህን ቁጠባ የሚያጠፋ ፕሮፕ (ለኮምፖነንት የሚሰጥ ቅንብር) ስላለው እሱን መጠቀም ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያታልለው የቀን መምረጫው ነው። በብዙ ፕሮጀክቶች የሚገለበጠው የማች ሚዲያ ምትክ ለማንኛውም ጥያቄ «አይዛመድም» ብሎ ይመልሳል። ቀን መምረጫው ደግሞ ተጠቃሚው ማውስ እንዳለው የሚጠይቀው በዚሁ በማች ሚዲያ ነው። «የለውም» የሚል መልስ ሲያገኝ የስልክ ቅርጹን ያወጣል። ቡድኑ የሚፈትሸው ለስልክ የተሠራውን ዳያሎግ ይሆናል፤ ኮምፒውተር ላይ ቀኑን በኪቦርድ የሚሞላው ሰው የሚያየውን ቅርጽ ያየው ቴስት የለም። ስለዚህ ምትኩ የትኛውን ጥያቄ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስባችሁ ጻፉት፤ ሁለቱንም ቅርጾች የምትደግፉ ከሆነ በሁለቱም መልሶች አስኪዱት።

«ዝማኔው በአክት ውስጥ አልተጠቀለለም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ችላ ብንለውስ?

ችላ አትበሉት፤ ግን በተባለው መንገድም አታስተካክሉት። ማስጠንቀቂያው የሚለው ቴስቱ ካበቃ ወይም ሌላ ነገር እያየ ሳለ ኮምፖነንቱ ተለወጠ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዳታ ከሰርቨር መድረሱ፣ አልያም የላይብረሪው እንቅስቃሴ ነው፤ የማቲሪያል ዩአይ ቁልፍ ሲጫኑት እንደ ውኃ የሚሰፋው ክብ ለምሳሌ። ኮዱን በእጅ በአክት (ሪአክት ለውጦቹን እስኪጨርስ በሚጠብቅ ተግባር) መጠቅለል ማስጠንቀቂያውን ያፍናል እንጂ ቴስቱን አያቃናውም። ድርጊቱ በስክሪኑ ላይ የሚያመጣውን የመጨረሻ ውጤት ጠብቁ፦ «ተመዝግበዋል» የሚለው ጽሑፍ እስኪወጣ፣ ወይም የመጠበቂያው ምልክት እስኪጠፋ።

የዳያሎግ መዘጋትም እንዲሁ ነው። እየደበዘዘ ሲዘጋ ለጥቂት ቅጽበት ሰነዱ ውስጥ ስለሚቆይ «የለም» ብሎ ወዲያው ማረጋገጥ ይወድቃል። መጥፋቱን ጠብቁ፤ ወይም ለቴስት በሚሆን ገጽታ (ቲም) ውስጥ የሽግግሩን ቆይታ ዜሮ አድርጉት።

ሐሰተኛ ሰዓት ስንጠቀም ቴስቱ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ በጊዜ ገደብ ይወድቃል።

ዩዘር ኢቨንት በእያንዳንዱ ድርጊት መካከል በሰዓት ቆጣሪ ይጠብቃል፤ ሰዓቱን ስላቆማችሁት ለዘላለም ይጠብቃል። ሲዘጋጅ ሰዓቱን የሚያራምደውን ተግባር እንዲቀበል የተሰጠ አማራጭ አለ፤ እሱን ስጡት። የጄስት ነባሪ ገደብ 5 ሰከንድ ነው፤ ገደቡን ወደ 30 ማሳደግ ያው መጠበቅ ነው።

የተዘጋውን ቁልፍ ክሊክ ስናደርግ ዩዘር ኢቨንት ራሱ ስህተት ይጥላል።

ልክ ነው። ማቲሪያል ዩአይ የተዘጋን ቁልፍ ማውስ እንዳይነካው በስታይል ያግደዋል፣ ዩዘር ኢቨንትም ያንን እገዳ ያከብራል። ቁልፉ መዘጋቱን ብቻ አረጋግጡ፣ ይበቃል።

ስናፕሾት (የኮምፖነንቱን ውጤት መዝግቦ ከቀጣዩ ጋር የሚያነጻጽር ቴስት) ብንጠቀም?

ለእንደዚህ ያለ ኮምፖነንት አይመከርም። ስናፕሾቱ ውስጥ ከሚገባው ጽሑፍ አብዛኛው የላይብረሪው ዶም (የገጽ መዋቅር) ነው። ላይብረሪው አንድ መጠቅለያ ቢጨምር ብዙ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ቀይ ይሆናሉ (ይወድቃሉ)፤ ገምጋሚውም ሳያነብ ሁሉንም ያድሳቸዋል።

ላይብረሪውን ባሳደግን ቁጥር ብዙ ቴስት ይወድቃል። ይህ የማይቀር ነው?

አንዳንዱ የማይቀርና የሚገባ ነው። የማቲሪያል ዩአይ ሴሌክት ቀድሞ ለስክሪን ሪደር የሚነግረው ሚና «ቁልፍ» ነበር፤ በአምስተኛው ዋና እትም ዘመን ወደ «ኮምቦቦክስ» ተቀየረ። ለተጠቃሚው ይህ መሻሻል ነው። በሚና የሚፈልጉ ቴስቶች ግን ወደቁ፤ ድሮፕዳውኑን በየቴስቱ በእጃቸው የከፈቱ ቡድኖች ፋይል በፋይል ሲያርሙ ዋሉ። «ከተማ ምረጥ» የሚል አንድ ረዳት ተግባር ጽፈው ሁሉም ቴስት በእሱ በኩል እንዲያልፍ ያደረጉት አንድ መስመር ለወጡ። ላይብረሪውን እንዴት እንደሚነኩት የሚያውቀው ኮድ በአንድ ቦታ ይሁን።

የላይብረሪውን ውስጣዊ አሠራር እየቆፈሩ የሚፈትሹ ግን ከዚህ የከፋ ዋጋ ከፍለዋል። ኤርቢኤንቢ ያወጣው ኤንዛይም ለዓመታት የሪአክት ዋነኛ የመፈተሻ መሣሪያ ነበር፤ የኮምፖነንቱን ውስጣዊ ስቴት (በውስጡ የሚይዘውን ዳታ) እና ፕሮፕስ በቀጥታ ማየት ያስችል ስለነበር ብዙዎች ቴስታቸውን በዚያ ላይ ገነቡ። በ2022 ሪአክት 18 ሲወጣ ለኤንዛይም ይፋዊ ማገናኛ አልተሠራለትም። ያን ያህል ቴስት የጻፉ ቡድኖች ወይ በድሮው ሪአክት ላይ ቆዩ፣ ወይ ቴስቱን እንደ አዲስ ጻፉት። ከተጠቃሚው ወገን ሆነው የጻፉ ግን ስለ ስቴት አንድም ቃል ስላልጻፉ ሽግግሩ እንዲህ አልከበዳቸውም።

ቅጹ በአማርኛ ነው። ለፊደላችን የተለየ ቴስት ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ ላይብረሪው የማያውቀው ነገር ያለው እዚህ ነውና። የማቲሪያል ዩአይ አውቶኮምፕሊት ፍለጋ ሲያደርግ በላቲን ፊደላት ላይ ያሉ የድምፅ ምልክቶችን አስወግዶ ያነጻጽራል። ተጠቃሚ «ሀዋሳ» ብሎ ጽፎ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው «ሐዋሳ» ቢሆን ግን አያገኘውም። «አድዋ» እና «ዓድዋ»፣ «ሀረር» እና «ሐረር»ም እንዲሁ። ተጠቃሚው ከተማው የለም ብሎ ይሄዳል። ላይብረሪው የራሳችንን ማጣሪያ እንድንሰጠው ስለሚፈቅድ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚያነጻጽር ተግባር ጽፈን እናቀብለዋለን።

ይህ ተግባር ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ይፈተሽ። ያለ ምንም ኮምፖነንት፣ እንደ ተራ ተግባር፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀና ኸ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ከነዘሮቻቸው ይሞከሩ። አራተኛውን ዘር የሚዘነጉ ብዙ ናቸው፤ «ሀ» ከ«ሃ»፣ «አ» ከ«ኣ» እና ከ«ዓ» ጋር በአነባበብ አንድ ሆነው በኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። ከዚያ በቅጹ ላይ አንድ ቴስት ብቻ ይበቃል፦ «ሀዋሳ» ተጽፎ «ሐዋሳ» ሲወጣ። እሱ የሚያረጋግጠው ማጣሪያው በእርግጥ ለላይብረሪው መሰጠቱን ነው።

በተመሳሳይ ምክንያት የአማርኛ ጽሑፎችን በቴስት ውስጥ በእጅ አትጻፉ፤ አንዱ ባለሙያ «ስሕተት» ሌላው «ስህተት» ይጽፋል። ከትርጉም ፋይሉ ውሰዷቸው። ዩዘር ኢቨንት «ሐ»ን እንደ አንድ የተዘጋጀ ፊደል እንደሚያስገባ፣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች እንደሚጽፈው አስቡ። የአማርኛ ኪቦርድ ሶፍትዌር ከሳጥኑ ጋር የሚጣላበት ብልሽት በዩኒት ቴስት አይያዝም።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርስ?

የማቲሪያል ዩአይ ቀን መምረጫ የተለያዩ የቀን ላይብረሪዎችን በማገናኛ ይቀበላል፤ የጃላሊ (የፋርስ) እና የሂጅሪ (የእስልምና) አቆጣጠር ማገናኛዎች አብረውት ይመጣሉ። የኢትዮጵያን ራሳችን መጻፍ አለብን፣ ስለዚህ ራሳችን እንፈትሻለን። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው የቀን አጻጻፍ መሣሪያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅና ኖድ (ቴስቶቹ የሚሄዱበት የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ከ13ኛው እትሙ ጀምሮ ሙሉ የቋንቋ ዳታ ይዞ ስለሚመጣ፣ የልወጣችሁን ውጤት ከእሱ ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ።

መፈተሽ ያለበት ድንበሩ ነው። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 የሆነበት ዓመት ነበር፤ ያ ቀን በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው፤ መስከረም 1፣ 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም 1፣ 2017 ወደ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ተመለሰ። እነዚህን ሦስት ቀናት የሚያልፍ ልወጣ ብዙውን ስህተት አልፏል። ቀን መምረጫው አሥራ ሦስተኛ ወር ማሳየቱን፣ ጳጉሜን ላይ 7ኛ ቀን አለማስመረጡን በኮምፖነንት ቴስት እዩ።

ቀጥሎ የሰዓት ቀጠና አለ። ያለ ሰዓት የተጻፈ «2023-09-12» በጃቫስክሪፕት የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ተደርጎ ይወሰዳል። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚሆን ቀኑ አይለወጥም፣ ቴስቱም ያልፋል። ዋሽንግተን ላሉ ወላጅ ግን ገና የቀደመው ቀን ምሽት ነው፤ በመስከረም 1 የተወለደው ልጃቸው በቅጹ ላይ በጳጉሜን 6 ተወልዶ ያዩታል። ቴስቶቹን በአዲስ አበባና በኒውዮርክ ሰዓት ቀጠና ሁለት ጊዜ ማስኬድ በአንድ የአካባቢ ተለዋዋጭ የሚሠራ ነገር ነው።

ቴስቶቹ በጣም ዘገዩ። ላይብረሪው ነው?

ብዙውን ጊዜ ላይብረሪውን ወደ ኮዳችሁ የሚያስገባው አስመጪ መስመር ነው። የማቲሪያል ዩአይ የአዶዎች ጥቅል ከ2,000 በላይ አዶዎች አሉት፤ አንዷን ከዋናው በር ስታስመጡ ለቴስቱ ሁሉም ይጫናሉ። በቀጥታ ከአዶዋ ፋይል አስመጡ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ በሚና መፈለግ ነው፤ ትልቅ ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የተደበቀ መሆኑን ስለሚመረምር ይከብዳል። ፍለጋውን በአንድ ክፍል ውስጥ ወስኑት፣ ወይም ለሠንጠረዡ ቴስት አምስት ረድፍ ብቻ ስጡት።

«ኢምፖርት የሚለውን ከሞጁል ውጭ መጠቀም አይቻልም» የሚል ስህተትስ?

ላይብረሪው የታተመው በአዲሱ የሞጁል አጻጻፍ ነው፤ ጄስት ደግሞ ኖድ ሞጁልስ (የተጫኑ ላይብረሪዎች ማህደር) ውስጥ ያለውን ኮድ በተለምዶ አይተረጉምም። ያንን ላይብረሪ ከማይተረጎሙት ዝርዝር አውጡት።

አንግላርና ቪዩ ላይ ምን ይለያል?

የአንግላር ማቲሪያል ተጠቃሚዎች ዕድለኞች ናቸው። ከ9ኛው እትም፣ ከ2020 ጀምሮ ሃርነስ የሚባሉ የመፈተሻ መያዣዎች ከላይብረሪው ጋር ይመጣሉ። «ድሮፕዳውኑን ክፈት፣ ይህንን ምረጥ» ትሉታላችሁ፤ በውስጡ የትኛው ክላስ፣ የትኛው ፖርታል እንዳለ የሚያውቁት የላይብረሪው ባለቤቶች ናቸው፣ ሲቀየርም እነሱ ያድሱታል። ከላይ ስለ ረዳት ተግባር ያልነውን ባለቤቶቹ ራሳቸው ሠሩት ማለት ነው። ብዙዎቹ ሌሎች ላይብረሪዎች ይህንን አለመከተላቸው ያሳዝናል።

ቪዩ ላይ ወጥመዱ ሻሎው ማውንት ነው። ልጆቹን ኮምፖነንቶች በባዶ ምትክ ይቀይራል፣ የምትኮቹን ስሎት (በውስጣቸው የሚቀመጠውን ይዘት) ደግሞ በተለምዶ አያሳይም። ቅጻችሁ በቪዩቲፋይ (የቪዩ የኮምፖነንት ላይብረሪ) ካርድ ውስጥ ከተቀመጠ ካርዱ በምትክ ይተካና ቅጹ በሙሉ አብሮ ይጠፋል። ሙሉ ማውንት ተጠቀሙ፣ ቪዩቲፋይን እንደ ፕለጊን ስጡት፣ የዳያሎግን ይዘት ከቦዲ ሥር ፈልጉ።

ወደ እውነተኛ ብራውዘር መሄድ ያለብን መቼ ነው?

መልሱ በመጠን፣ በቦታ ወይም በማሸብለል ላይ ሲመሠረት። ዝርዝሩ ከስክሪኑ ውጭ ወጣ ወይ? ተጎትቶ የተለቀቀው ነገር ቦታውን ያዘ ወይ? ትልቁ ሠንጠረዥ ወደ ታች ሲሸበለል ቀጣዩን ገጽ ጠራ ወይ? እነዚህን በጄኤስዶም ለማስመሰል የሚጻፈው የምትክ ኮድ ከሚፈተሸው ኮድ ይበልጣል። ፕሌይራይት፣ ሳይፕረስ ወይም የቪቴስት የብራውዘር አሠራር ይህን ይሸከማሉ። ዝግተኛ ስለሆኑ ጥቂት ይሁኑ፤ የምዝገባው ዋና መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከነቀን መምረጫውና ከነእውነተኛው ኪቦርድ አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃል።

ላይብረሪው ውስጥ እውነተኛ ስህተት አግኝተን ዙሪያውን ዞረን አለፍነው። ለዚህ ቴስት እንጻፍ?

ይህ የላይብረሪውን ባሕርይ በቀጥታ መፈተሽ የሚገባበት አንዱ ቦታ ነው። ስህተቱን ብቻ የሚያሳይ አጭር ቴስት ጻፉና እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ ቪቴስትም ሆነ ጄስት «ይህ መውደቅ አለበት» የሚል ምልክት አላቸው። ለላይብረሪው ባለቤቶች ያመለከታችሁበትን የአቤቱታ ቁጥር ከጎኑ አስፍሩ። ስህተቱ እስካለ ድረስ ቴስቱ አረንጓዴ ነው። ባለቤቶቹ ያረሙት ቀን፣ ላይብረሪውን ስታሳድጉ ቴስቱ ቀይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቴስቱንም፣ ዙሪያውን ያለፋችሁበትንም ኮድ አብራችሁ ሰርዙ።